የተመን ደንበኛ

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሐኪሟን የተወችው ጠልታው አይደለም። ወዳው ነው። ይህን ለአሜሪካኖቹ የሥራ ባልደረቦቼ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። "ሶ፣ ዶክተሯን በጣም ትወደው ነበር፣ ስለዚህ መሄድ አቆመች?" አለችኝ አንዷ፣ እኔ እንግሊዝኛው የተሳሳተብኝ መስሏት። አዎ፣ እንደሱ ነው አልኳት። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በእነሱ ቋንቋ ምን ብዬ ልንገራት? የእኛ ሰው ግን ግማሹን ሳልጨርስ ይገባዋል። "ወይኔ እናታችን!" ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ጥፋተኛ ፈልጊ የሚለኝ ሰው አልጠፋም። መንግሥት ነው የሚሉኝ አሉ፣ ሐኪሙ ነው የሚሉኝ አሉ፣ አንድ ዘመዳችን ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ "አንቺስ የት ነበርሽ?" ብሎኛል። ለእሱ የሰጠሁትን መልስ እዚህ አልጽፈውም። እኔ የሚያንገበግበኝ ጥፋተኛ ማጣቴ ነው። ሁሉም እውነቱን ነበር የተናገረው፤ እማም ብትሆን በራሷ በኩል የሠራችው መልካም ነገር ነበር። ቁጭቴ ማረፊያ ያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

እኔና እማ የምንኖረው ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ነበር፣ ለኤርፖርቱ ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ የምናደርግበት አፓርትመንት ውስጥ። እኔ ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪኖች ስምሪት ላይ እሠራለሁ፤ ሥራዬ ባጭሩ ቀኑን ሙሉ ከሾፌር ጋር መጨቃጨቅ ነው። እማ ደሴ ሱቅ የነበራት ነጋዴ ናት። እዚህ መጥታ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ወገቧ እስኪጎብጥ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ሜዲኬሯ፣ ማለቴ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የሕክምና መድን፣ ከደሞዟ ሲቆረጥ የኖረ ነው። ማንም አልመጸወታትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እሷ ራሷ ልብ አላለችውም።

ስኳር ነበረባት፣ ከሁሉ የባሰው ግን ልቧ ደክሞ ነበር። ልብ ሲደክም ውኃ ይጠራቀማል። መጀመሪያ እግር ላይ ነው፣ ዝም ከተባለ ሳንባ ላይ ይወጣል። ውኃውን የሚያስወጣ ኪኒን አለ፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሲያንስ ደግሞ ሰው በገዛ ውኃው ይታፈናል። ያንን ኪኒን ከፍ ዝቅ እያደረገ በሕይወት ያቆያት ዶክተራችን ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ አንተ አንቺ እንባባላለን፣ እማን ግን አንድም ቀን ከእርስዎ ዝቅ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። የራሱ ትንሽ ክሊኒክ ነበረው፣ በጥፍር ቤትና በስልክ መሸጫ መካከል። እማ ስትገባ ከወንበሩ ይነሳል። "እማማ፣ እንዴት ከረሙ?" ይላታል። እሷም ደህንነቷን ትዘረዝርና ወደ እሱ ትዞራለች፤ እናቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከዚያ ደግሞ ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራውን ልጅ ጤና አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እሱ ይመልስላታል፣ ዓይኑ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው።

"ምን ያምዎታል?" ሲላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ምንም፣ አልሃምዱሊላህ።" እኔ ከጎን ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። የአፓርትመንቱ ደረጃ በዚህ ሰሞን ረዘመብኝ ትለዋለች፣ ሰዎቹ መጥተው የጨመሩበት ይመስል። ትንፋሽ እያጠራት መሆኑን የምትናገረው እንደዚያ ነው። እሱ "ደረጃው ረዘመ?" ይልና ሳንባዋን ያዳምጣል፣ ኪኒኑን ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ "ደረጃውስ እማማ?" ሲላት "አጠር ብሏል ልጄ፣ ዕድሜ ላንተ" ትለዋለች። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሐኪም በመላው ቴክሳስ ስንት እንዳለ አላውቅም። እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሐኪሞቹ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። የሚመጣው የአንድ የምክር ቤት አባል ረዳት ነበር፤ ሐኪሞቹ ሜዲኬር የሚከፍላቸውን ዋጋ መንግሥት ብቻውን መወሰኑን ተቃውመው ሊያመለክቱ ነው። ዶክተራችን ታካሚዎቹን "ኑና ፊታችሁን አሳዩልኝ" ብሎ ለመነን። እማ ሠርግ እንደተጠራች ለበሰች። "ልጄ ንግግር ያደርጋል" አለችኝ፣ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንጃ። መሃል ላይ ተቀመጥንና በጆሮዋ መተርጎም ጀመርኩ።

አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ተናገረ፣ አንዲት ናይጄሪያዊት ሐኪም ተናገረች፣ ከዚያ የእኛ ሰው ተነሳ። ክሊኒኩ ውስጥ ሲናገር እንደዚያ ደሙ ሲፈላ አይቼው አላውቅም። ኪራይ ይጨምራል፣ የነርስ ደሞዝ ይጨምራል፣ ጓንትና መርፌ ሳይቀር ይወደዳል፣ እኛ የምንከፈለውን ግን ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ ይቆርጣል፣ ይባስ ብሎም ይቀንስብናል አለ። ልንደራደር አንችልም፣ ታካሚው በፈቃዱ ልጨምርልህ ቢለን እንኳ መቀበል ወንጀል ነው አለ። አንዱን ሕክምና እኔ ስሠራውና ትልቁ ሆስፒታል ሲሠራው ክፍያው ለየቅል ነው፣ ስለዚህ ትንንሾቹ አንድ በአንድ እየተሸጥን ነው አለ። እኔ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ። "መንግሥት የሚቆርጠው ዋጋ" የምትለዋን ሐረግ ደጋግሜ ስል እማ ወደ እኔ ዞረች።

"ተመን?" አለችኝ።

"አዎ፣ ተመን።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረቢ! አሜሪካም ተመን አለ?" ያለችው ጮክ ብላ ስለነበር ፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። ለእሷ ተመን ማለት የደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌ መጥቶ የሱቅሽን ዕቃ በዚህ ዋጋ ሽጪ ብሎ ቆርጦልሽ የሚሄድበት፣ ከደበቅሽ እስር ቤት የምትገቢበት ጊዜ።

ወዲያው ዶክተሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። "አንድ የሜዲኬር ታካሚ ባየሁ ቁጥር እከስራለሁ" አለ። "በሌላው ገቢ እየደጎምኩ ነው የማያቸው፤ ወድጄ ነው፣ ግን እስከ መቼ?" ተረጎምኩላት። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ኮፍያውን በእጁ የያዘ የቴክሳስ ሽማግሌ ተነስቶ፣ "ዋጋውን ለእናንተ ከተውነው እኔን ማን ያስጥለኛል?" ብሎ ጠየቀ፣ እሱም ተጨበጨበለት። ዶክተራችን ደነገጠ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለእኔ ተዉት አላልኩም ጌታዬ፤ ወጪዬንም ቁጠሩልኝ ነው ያልኩት" አለው። እኔ ለሁለቱም ነው ያጨበጨብኩት። ዛሬም ስለዚህ ነገር ሲያከራክሩኝ ከዚያ የተሻለ አቋም የለኝም። እማ ግን አላጨበጨበችም፤ ጭኗ ላይ ያጣጠፈችውን እጇን ስታይ ነበር።

መኪና ውስጥ ሆነን ሀይዌዩ ስንገባ "በእኔ ይከስራል ማለት ነው?" አለችኝ።

"በአንቺ አይደለም እማ፤ በሲስተሙ ነው።"

"ሲስተሙ ማነው? እሱ ጋ የምሄደው እኔ አይደለሁ?"

ሳቅኩ። የሳቅኩት አነጋገሯ ስለጣፈጠኝ ነው። በነጋታው ለሥራ ጓደኞቼ አወራሁላቸው፣ እነሱም ሳቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ እግሯን ሊያይ ጎንበስ ሲል ጠቅለል ያለ ብር የጋውኑ ኪስ ውስጥ ሸጎጠችለት። ጊንጥ እንደነደፈው ዘሎ ቆመ። "እማማ! ምን ማድረግዎ ነው?"

"ሻይ ጠጣበት ብዬ ነዋ።"

"ሻይም አይቻልም! ከተቆረጠልኝ በላይ አንዲት ሳንቲም ከእርስዎ ብቀበል ፈቃዴን እነጠቃለሁ።" ብሩን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት። እየሳቀ ነበር፣ ግን በሩ ተዘግቶ እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። እማ ያንን አየችበት። ስንወጣ እስከ መኪናው እጄን ይዛ ሄደች። "አየሽው፣ ፈርቷል" አለችኝ። "አባትሽም ዓይኑ እንደዚያ ነበር የሚሆነው፣ ካድሬው ሱቅ ሲገባ።" እኔ የመኪናዬን ቁልፍ ስፈልግ ነበር፤ እሺ እማ፣ ኦኬ እማ እያልኩ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ "አንቺ ለእኔ ብለሽ ከሥራ አትቅሪ" ማለት ጀመረች። ላይኛው ፎቅ የምትኖር የወሎ ሴት አለች፣ የእማ የልብ ወዳጅ፣ መኪና ስትነዳ እግረኛ የሚቀድማት። ሐኪም ቤት እሷ ታድርሰኝ አለች። እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ። ሥራ ቦታ ፈቃድ በጠየቅኩ ቁጥር አለቃዬ ፊቱን ያጠቁርብኝ ነበር። ማታ ስገባ "ምን አለሽ ዶክተር?" እላታለሁ። "ደህና ነሽ አለኝ፣ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሏል" ትለኛለች። የምታመጣው ሰላምታ እንኳ የእሱን አነጋገር የመሰለ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሀበሻ ግሮሰሪ ገብቼ ዶክተሩን ሽሮ ሲመርጥ አገኘሁት። "አንቺ!" አለኝ ገና ሲያየኝ፣ "እማማን ምን አደረግሽብኝ? ለሌላ ሐኪም ሰጠሽብኝ እንዴ?"

ቀልድ መሰለኝ። "ባለፈው ሳምንት አንተ ጋ ነበረች አይደል እንዴ!"

ሽሮውን መደርደሪያው ላይ መለሰው። "አልመጡም። ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ኮል ስናደርግ 'ልጄ ትመልስላችኋለች' ነው የሚሉት።"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጫማዬን ሳላወልቅ ጮህኩባት። ከፍ አድርጌ ተናግሬያት አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ጎረቤት ሰማ። እማ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ተስቢሁን በጣቷ እየቆጠረች አስጨረሰችኝ። የት ነበር ስትሄዱ የከረማችሁት አልኳት። ትልቁ መደብር ውስጥ አለች። ሁለቱ አሮጊቶች በየቀጠሮው ቀን ተኳኩለው ይወጡና ያልሸመቱትን ዕቃ ሲነካኩ፣ አበባ የሚሸጥበት ጋ ያለው ወንበር ላይ ሲያወሩ ይውላሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳሉ። የላይኛዋን ሴትዮ እንዳትናገር እማ አስምላት ነበር።

"ለምን? ለምን እማ? ሰውየው ምን አደረገሽ?"

"ምንም አላደረገኝ። እየከሰረብኝ እንዴት ልሂድ?"

ከዚያ ስለ ስኳሩ ነገረችኝ። እሷና አባቴ ስኳር በውድ ገዝተው አስገብተዋል፣ ተመን መጣና ከገዙበት በታች ሽጡ ተባሉ። ሽጪልኝ ያለሽን ሰው እምቢ ማለት አይቻልም፤ ካልሽ ይጠቁምብሻል። "የጠላን ሁሉ ሲሰለፍብን ዋለ" አለችኝ። "እየሳቁ በኪሎ በኪሎ ገዙብን። አንዲት ጎረቤት ነበረችን፣ ክርስቲያን ናት፣ ከአራስ ቤት ገና መውጣቷ ነበር። አጥሚት የሚጣፍጥላት ስኳር አልነበራትም። በደጃችን እያለፈች 'እንዴት ዋላችሁ' ትለናለች እንጂ አንድም ቀን ስኳር ስጡኝ አላለች። አባትሽ ጠርቶ ልስጥሽ ሲላት 'ኧረ እኔ ስኳር አይስማማኝም' አለች። ይስማማት ነበርኮ! ያቺን ሴት እስከ ዛሬ በዱዓ አልረሳትም። እኔ ለዚህ ልጅ ያቺን ሴት ልሁንለት እንጂ ከተሰለፉት ልሁን?"

"እማ፣ ሐኪም ስኳር አይደለም!" አልኳት።

"ስኳሬንማ የሚያክመኝ እሱ ነው" አለችና ሳቀች። ላለመሳቅ ታገልኩ፣ አልቻልኩም። ተያይዘን ሳቅን፣ እኔ እያለቀስኩ ነበር።

"ሜዲኬሩኮ የራስሽ ነው" አልኳት ስረጋጋ። "ወገብሽን አጉብጠሽ ያመጣሽው ነው። ማንንም አልቀማሽም።"

"የእኔማ ነው። ኪሳራው ግን የእሱ ነው።"

እንደምንም ብዬ፣ እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ እሄዳለሁ አስባልኳት። ለአንቺ ብዬ ነው አለችኝ። በማግስቱ ክሊኒኩ ደውዬ ቀጠሮ ስጪን ስላት ልጅቷ ተንተባተበች። ዶክተሩ ራሱ ሊደውልላችሁ ነበር አለችኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከሜዲኬር ሊወጣ ወስኗል፤ በመድኑ የሚመጣ ሰው ማየት ያቆማል፣ መምጣት የፈለገ ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው።

ሲደውል መኪና ውስጥ ነበርን፣ ስልኳ ስፒከር ላይ ነበር። ድምፁ ለቅሶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር። "እማማ፣ አልቻልኩም" አላት። "ወይ ክሊኒኩን ለሆስፒታሉ መሸጥ ነው፣ ወይ ከሜዲኬር መውጣት። ብሸጥ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብዬ የማወራበትን ጊዜ እነሱ ናቸው የሚቆርጡልኝ። አዛውንቶቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ እየተሰናበትኩ ነው። እርስዎን ግን አልተውም። እርስዎ ያለ ምንም ክፍያ ይመጣሉ። እናቴ ነዎት።"

እኔ ከመሪው ጀርባ "አልሃምዱሊላህ" ብዬ ተንፍሼ ነበር። እማ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ያልሰማሁትን ድምፅ አወጣች፣ የሱቅ ድምፅ፣ ብሩህ የሆነውን።

"ኧረ ልጄ፣ ለእኔ አትጨነቅ! እኔማ ሌላ ሐኪም አግኝቼ የለ እንዴ!"

"እውነትዎን ነው?"

"ወላሂ የምልህ! ለዚህ አይደል የጠፋሁብህ? እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ጎበዝ ነው አሉ፣ አሜሪካዊ ነው። ልቤንም ስኳሬንም ያየኛል።"

ትንፋሹ በስፒከሩ ተሰማ፣ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ። "ኡፍ፣ እማማ! አሁን ገላገሉኝ። ከሁሉም የእርስዎ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ።" መረቀችው። ገበያህ ይድራ፣ ልጆችህ ይደጉልህ፣ አላህ ከተመን ያውጣህ አለችው። አሜን አሜን እያለ ዘጋ።

መኪናውን ሀይዌዩ ጠርዝ ላይ አቆምኩት። በወላሂ መዋሸቷ ራሱ አስደንግጦኛል፤ እሷ በሐሰት የምትምል ሰው አይደለችም። "ነጻ ነው ያለሽ! ነጻ!" አልኳት።

"ለዚህ ነዋ!" አለችኝ፣ እኔ ነገሩ ያልገባኝ ቂል ሆኜባት። "በከሰረው ላይ ጭራሽ በነጻ? እየሸሸ ነው ሰውየው፤ ልብሱን ይዤ ላስቀረው?" ስልኬን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። "ብትነግሪው ዐውፍ አልልሽም፣ ይቅር አልልሽም። ሞቼም ቢሆን።" እዚያው ሀይዌዩ ዳር አስማለችኝ። ማልኩላት። እናት ዐውፍ አልልሽም ስትል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ሐኪም ፍለጋ ገባሁ። ሌዊስቪል መጋዘኑ ግቢ ውስጥ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በምሳ ሰዓቴ እደውላለሁ። "አዲስ የሜዲኬር ታካሚ አንቀበልም።" "ይቅርታ፣ ሞልተናል።" "አዲስ የሜዲኬር ታካሚ አንቀበልም።" አንዳንዷ ስልክ አንሺ ሳልጨርስ ነው የምትዘጋው። ስብሰባው ላይ ያጨበጨብኩላቸው ሐኪሞች በሙሉ ስልኩ ጫፍ ላይ ያሉ ይመስለኝ ጀመር። ከእነሱ ጋር ልጣላም አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ በራሴ አፍ ተርጉሜዋለሁ። በመጨረሻ ሜስኪት የሚባል ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ እሺ አለኝ፣ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነበር፣ በስልክ አስተርጓሚም ነው አሉኝ። ደረጃው ረዝሟል ስትለው ያ አስተርጓሚ ምን ብሎ ሊተረጉመው እንደሆነ እያሰብኩ ቀጠሮውን ያዝኩ።

እማ በዚህ መሃል ሶፋው ላይ ተቀምጣ መተኛት ጀምራ ነበር። አልጋው ለሰለሰብኝ አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ከመሃሉ ታርፍ ነበር፤ የምታስብ ይመስል ዝም ትልና ትቀጥላለች። ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። ውኃውን ቀነሱላት፣ ቀለል አላት፣ አሰናበቱን። "በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪሟ ይያት" አለችኝ ነርሷ። የትኛው ሐኪሟ? ልጅቷ ላይ ልጮህባት ምንም አልቀረኝ፤ እሷ ምን ታድርግ፣ ቀጥላ የምትገባበት ሌላ ታካሚ ነበራት። ዶክተሩ ጋ ደውለን እንሂድ ብዬ ለመንኳት። "ምለሽልኛል" አለችኝ። የሜስኪቱ ቀጠሮ ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት፣ ሱብሒ ሰግዳ ሶፋው ላይ ተመልሳ እንደተቀመጠች አገኘኋት። አልፋለች።

ለለቅሶው፣ ለተዕዝያው፣ ቤታችን ጠበበ። ጫማው ከደጃፋችን አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ዋለ፤ ሾፌሮቹ ከነሥራ ልብሳቸው እየመጡ ዱዓ አድርገው ይመለሳሉ። ዶክተሩ በመጨረሻው ቀን መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባና ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲያለቅስ እንደቆየ ያስታውቃል። ሻይ ቀርቦለት አልነካውም።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ያ ሐኪም ማነው?" አለኝ።

"የቱ?"

"አዲሱ ሐኪማቸው! ምን ሲሠራ ነበር? እግራቸው ሲያብጥ አላየም? ሳንባቸውን አላዳመጠም? የውኃውን ኪኒን ማነው የወሰነላቸው?" ፊቱ ቀላ። "ይህ የሚሞቱበት በሽታ አይደለም፤ ማለቴ አሁን አይደለም፣ ዓመታት ነበራቸው። ስሙን ንገሪኝ። ደውዬ አናግረዋለሁ። አምኜ እኮ ነው የሰጠሁት!"

ማንም አልነበረም፣ ማንም! አንተ ነበርክ ሐኪሟ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እከስራለሁ ብለህ ተናገርክ፣ እውነትህንም ነበር፣ እሷ ደግሞ ሰማችህ ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው የላይኛዋ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። ዶክተሩም ያየኛል፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ስም እስክጠራለት እየጠበቀ። ከጠራሁለት የምጠራው የራሱን ስም ነው።

"ጎበዝ ሐኪም ነበር፣ ዶክተር" አልኩት። "የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። በጣም ነበር የሚወዳት።"

ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ፣ የቀረበለትንም ሻይ አነሳ።

"እንደሱ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጠው" አለ።

"አሜን" አልኩ።